በ«ደርቲ ዳንሲንግ» ሁለቱ የተዋደዱት የትኛው ልምምድ ላይ ነው?

የዝናብ ወዳጅ

ባለፈው ቅዳሜ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ጋር ቁጭ ብለን «ደርቲ ዳንሲንግ»ን አየን። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። የመጀመሪያዬ በጎረቤት ቤት፣ በቪዲዮ ካሴት፣ ምስሉ መሀል ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ አሥራ አምስት የምንሆን ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ተደራርበን ነው። ልጄ ግን ገና ማየቷ ነው።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1963 በጋ ነው። ቤቢ የተባለች የሐኪም ልጅ ከወላጆቿና ከእህቷ ጋር በኒው ዮርክ ግዛት በካትስኪል ተራሮች ወዳለ የመዝናኛ ሆቴል ትመጣለች። የሆቴሉ የዳንስ አስተማሪ ጆኒና አጣማጁ ፔኒ በሌላ ሆቴል የማምቦ ትርኢት ማቅረብ አለባቸው። ፔኒ ግን አርግዛለች፤ ለማስወረድ የተገኘው ሐኪም ነኝ ባይ የሚመጣው በዚያው በትርኢቱ ምሽት ነው። ስለዚህ ማምቦ ረግጣ የማታውቀው ቤቢ በጥቂት ቀናት ሠልጥና ፔኒን ልትተካ ነው። ከዚያ ወዲያ ልምምድ ነው፤ ደረጃ ላይ፣ ወንዝ ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ፣ ሐይቅ ውስጥ።

ልጄ አይታ ስትጨርስ «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። የተዋደዱት መቼ ነው?» አለችኝ።

እኔም ወዲያው «ክንዷን ሲዳስሳት ነዋ» አልኳት። ታስታውሱታላችሁ። ጆኒ ከኋላዋ ቆሞ ክንዷን ያነሳና በራሱ አንገት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በጣቶቹ ጀርባ ከክንዷ ጀምሮ እስከ ጎኗ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይኮረኩራታል። ትስቃለች። እንደገና ይጀምራሉ። አሁንም ትስቃለች። እሱ ፊቱ ይጠቁራል። እንደገና። በመጨረሻ ላይ አትስቅም። እኔ ባልሳቀችባት በዚያች ሰከንድ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጄ ግን «እሱ ተሰላችቷል እንጂ አልወደዳትም» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሳብሰለስል ከረምኩ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሐብሐብ በብብቴ

ሐብሐቡን አቅፋ ወደ ሠራተኞቹ ጭፈራ የገባች ጊዜ ነው። ጆኒ ፊት ቆማ «ሐብሐብ ተሸከምኩ» የሚለውን ያንን የሞኝ ዓረፍተ ነገር ስትናገር አለቀ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ የሚያመልጠው ልቡ ሲሰረቅ ብቻ ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ተጠራጣሪው

የዝናብ ወዳጅ፣ ልጅሽ ዓይኗ አይስትም። እሱ በእርግጥም ተሰላችቶ ነበር።

ቤቢንና ጆኒን የሚጫወቱት ጄኒፈር ግሬይና ፓትሪክ ስዌዚ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ አንድ የጦርነት ፊልም ላይ አብረው ሠርተው ነበር፤ አልተስማሙም። ይህኛው ሲቀረጽ ቅሬታው አብሯቸው መጣ። ክንዷ ሲዳሰስ የምትስቀው ተዋናይዋ ናት፤ የሚበሳጨውም ተዋናዩ ነው። ዳይሬክተሩ ኤሚል አርዶሊኖ ካሜራው እንዲቀጥል አደረገና የተበላሸውን ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ወለል ላይ እየተንፏቀቁ የሚቀራረቡበትም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነታቸውን ለማሟሟቅ ሲቀልዱ የተቀዳ ነው።

ሐይቁንም ልጨምርልሽ። ታሪኩ በበጋ ነው ይባል እንጂ ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1986 መጸው ላይ ነው። ቅጠሉ መቅላት ጀምሮ ስለነበር አረንጓዴ ቀለም ረጭተውበታል። ውኃው ከመቀዝቀዙ የተነሳ ሐይቁ ውስጥ ሲያነሳት ካሜራው ፊታቸውን ቀረብ ብሎ አያሳይም፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበርና። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው የተባለችው ልጅ ሃያ ስድስት፣ እሱ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነበር። እኔ የማየው ብርድ የመታቸውን፣ የደከማቸውን ሁለት ሠራተኞች ነው። ፍቅሩን የሠራው መቀስ ይዞ ፊልሙን የቆራረጠውና የቀጣጠለው ሰው ነው።

የዝናብ ወዳጅ

ተጠራጣሪው፣ ልታስጠላኝ ፈልገህ ከሆነ አልሆነልህም። የተኮረኮረችው እውነት፣ የተናደደው እውነት ከሆነ፣ በመጨረሻ ዝም ያለችው ምን ሊሆን ነው?

ሁለተኛው ምት

አዲስ አበባ ውስጥ ሳልሳና ማምቦ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከቢሮ ወጥተው ማታ የሚመጡ ናቸው። ስለ ፍቅሩ ሳይሆን ስለ እግሩ ልናገር፤ ምናልባት እዚያው እንገናኝ ይሆናል።

ማምቦ ከኩባ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ኩባዊው ሙዚቀኛ ፔሬዝ ፕራዶ ከሜክሲኮ ሆኖ ዓለምን አስጨፈረበት፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ፓላዲየም በተባለው የዳንስ አዳራሽ ፖርቶ ሪኮው፣ ጥቁሩ፣ አይሁዱ፣ ጣሊያኑ በአንድ ወለል ላይ ይደንሰው ነበር። ካትስኪል ደግሞ የኒው ዮርክ አይሁድ ቤተሰቦች በጋ የሚያሳልፉበት ስፍራ ነበር፤ እያንዳንዱ ትልቅ ሆቴል የዳንስ አስተማሪ ይቀጥራል፣ እንግዶቹ ከቁርስ በኋላ ተሰልፈው ማምቦ ይማራሉ። የጆኒ ሥራ የፊልም ፈጠራ አይደለም፤ በእርግጥ የነበረ መተዳደሪያ ነው። ደራሲዋ ኤሊኖር በርግስታይንም የብሩክሊን ሐኪም ልጅ ናት፤ ከቤተሰቧ ጋር ካትስኪል እየሄደች ነው ያደገችው፤ የቤት ስሟም ቤቢ ነበር።

አሁን ወደ እግሩ። ጀማሪ ሁሉ ሙዚቃው «አንድ» ሲል ይረግጣል። የዚያ ዓይነቱ ማምቦ ግን በአንድ አይረገጥም። «አንድ» ሲል ትጠብቃለህ፤ «ሁለት» ሲል ትሄዳለህ። ለመናገር ቀላል ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። ሙዚቃው እየጠራህ እግርህን መያዝ አለብህ። ቤቢ በመጀመሪያው ቀን እየደጋገመች በአንድ ትነሳለች። ጆኒ እጇን ይዞ ደረቱ ላይ ያስቀምጥና የልብ ምቱን ያሰማታል፤ ቁጥሩን ትታ እሱን እንድትከተል። ለእኔ ፍቅሩ እዚያ ነው። ያቺ በባዶ የምታልፈው «አንድ» ላይ። ሁለት ሰዎች አብረው መንቀሳቀስን ማንም ያስተምራቸዋል፤ አብረው መታገሥን ሲችሉ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅባቸዋል።

(በነገራችን ላይ ነጭ ሸራ ጫማዋን ልብ በሉ። በጎማ ሶል መዞር አይቻልም፤ ጉልበት ይጠመዝዛል። ተማሪዎቼን በዚያ ጫማ አላስገባም።)

ሐብሐብ በብብቴ

መምህር፣ እኔ ሦስት ወር ከፍዬ ተምሬ አሁንም በአንድ ነው የምነሳው። ትዳር ያላገኘሁት ለዚህ ነው ማለት ነው?

ሁለተኛው ምት

ያንተስ በአንድም በሁለትም አይደለም። አስታወስኩህ።

ትከሻ ነቅናቂ

ይህን ፊልም ያየሁት ልጆቼ አስቀምጠውኝ ነው። ልምምድ ከተባለ ግን የምለው አለኝ።

በ1976 ዓ.ም. በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እንዘጋጃለን። ልምምዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ አቧራው እንዳይነሳ በጣሳ ውኃ እንረጨዋለን። አሠልጣኛችን እስክስታ ሲያስተምረን ጀርባችንን ግድግዳ አስደግፎ ያቆመናል፤ ወገባችን እንዳይንቀሳቀስ፣ ትከሻችን ብቻ እንዲሠራ። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ስለነበር ማታ ወደየቤታችን ስንበተን የሁላችንም ጀርባ ነጭ ነው። የሰፈር ልጆች «ኖራዎቹ መጡ» ይሉን ነበር። እናቴ ከሩቅ ጀርባዬን አይታ ልምምድ መዋሌን ወይም ሌላ ቦታ መዋሌን ታውቅ ነበር።

ቴፕ ነበረችን። ባትሪዋ ሲደክም ዘፈኑ እንደ ሰካራም እየተጎተተ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከዳር የምትቆም አንዲት ልጅ በጭብጨባ ምቱን ትይዝልናለች። እኔ የተጣመርኩት ከሌላ ልጅ ጋር ነው፤ በቡድኑ ውስጥ አንደኛ የምትባል።

የእኛ ጭፈራ እንደ ጆኒና እንደ ቤቢ አይደለም። መተቃቀፍ የለም፤ መሸከም የለም። ፊት ለፊት ትቆማላችሁ፤ በመካከላችሁ አንድ ክንድ የሚሆን ክፍተት አለ። ትከሻዋ ሲጠይቅህ ትከሻህ ይመልሳል። ትንፋሿን ትሰማለህ እንጂ አትነካትም። ስንት ወር ሙሉ በየምሽቱ አንድን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ መክረም ምን እንደሚያደርግ ያላየ አይፈርድም። ቅንድቧ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ እስካሁን አስታውሳለሁ። ወደድኳት ብዬም አምኜ ነበር።

እንግዲህ ለየዝናብ ወዳጅ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ልምምድ ላይ አልተዋደዱም። ልምምድ ላይማ ሁሉም ሰው የተዋደደ ይመስለዋል፤ አብሮ ላብ፣ አብሮ ድካም፣ አብሮ ሳቅ አለ። ፊልሙን ደግማችሁ እዩት። የተለማመዱለት ትርኢት ያለው መጨረሻ ላይ አይደለም፤ መሀል ላይ ነው። ትርኢቱም አላማረም። እርምጃ ትስታለች፤ ከሁሉ በላይ የተለማመዱት ያ ወደ ላይ መነሳት ሲመጣ ፈርታ ትቀራለች፤ በእጅ እንቅስቃሴ ሸፋፍነው ይጨርሳሉ። ተጨበጨበላቸው፣ ወደ መኪናቸው ገቡ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለመገናኘት ምክንያት የላቸውም። የሚያቀርቡት ትርኢት የለም፤ የሚቆጠር ምት የለም። በዚያው ሌሊት ቤቢ ብቻዋን ተነስታ የጆኒን በር ታንኳኳለች። ያለ ልምምድ ሰበብ የሄደችበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ ፍቅር የምለው እዚያ በር ላይ ያለውን ነው።

እኛም መስከረም ላይ በዓሉ አለፈ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰደኝ። ልምምድ እንደሌለ አውቃለሁ። በሩ ተቆልፏል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የዝናብ ወዳጅ

ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ትተውን ወዴት ሄዱ?

ከፖቶማክ ማዶ

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚታየው ሆቴልም እዚሁ ግዛት፣ ፔምብሮክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተራራ ላይ ነው። ታሪኩ ኒው ዮርክ ነው ይላል፤ ቀረጻው ግን ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን አምስት ሰዓት ገደማ ነዳን። አንዷ ጓደኛችን ለሐይቁ ብላ የዋና ልብስ ገዝታለች።

ደረስን። የድንጋዩ ሆቴል እንደነበረ አለ። ሐይቁ ግን የለም። ስንጠይቅ ይህ ሐይቅ ከሥሩ በድንጋይ ስንጥቅ ውኃው የሚያመልጥ፣ በየዘመኑ የሚጎድልና የሚሞላ ነው አሉን፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጽሞ ደርቆ ነበር። እኛ በሄድንበት ጊዜ ሣር የበቀለበት ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ሆኖ መሀሉ ላይ ትንሽ ኩሬ ቀርታለች። ጓደኛችን የዋና ልብሷን እንደለበሰች ሣሩ ላይ ቆማ ሳቀች። እዚያው ላንሳሽ ብዬ ሞከርኩ፤ ሁለታችንም ወደቅን። በውኃ ውስጥ የሚለማመዱት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ መሬት ሲጥሉህ ያማል።

ሁለተኛው ምት

በደንብ ተገልጧል! ውኃ ውስጥ ክብደቷ ይቀልለታል፣ ብትወድቅም አትጎዳም። ይሁን እንጂ ከሚያነሳው ሥራ ይልቅ የምትነሳዋ ሥራ ይከብዳል። ሆዷንና ጀርባዋን እንደ እንጨት ማጠንከር አለባት፤ መሀል ላይ ከተጠራጠረች እንደ ጆንያ ትታጠፋለች። ሮጣ ስትመጣ ፍጥነቷን ከቀነሰች ደግሞ እሱ ምንም ጉልበት ቢኖረው አይችላትም። ግሬይ ይህን እንቅስቃሴ እጅግ ትፈራው ስለነበር ለመጨረሻው ትዕይንት ቀረጻው እስኪደርስ ድረስ መሬት ላይ አልሞከረችውም። ስዌዚ ደግሞ እናቱ የታወቀች የዳንስ መምህርት ናት፤ በልጅነቱ ከኳስ ጨዋታ የተረፈ የጉልበት ሕመም ይዞ ነው የሚያነሳት።

የሰላም ጓድ ተማሪ

ልጆች፣ ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ቤቢ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ምን ልትሆን እንደምትፈልግ ታስታውሳላችሁ? ሰላም ጓድ፣ ያ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች የሚልከው!

ሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ከፊልሙ ክረምት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። (የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው፤ ያ ክረምት የ1955 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ በተመሠረተ ማግስት።) ቤቢ ያን መስከረም ኮሌጅ ብትገባ፣ በአራት ዓመቷ ብትመረቅ፣ በ1960 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህራችን ሆና ብትመጣ ሒሳቡ አይበላሽም። እኛ ጋር የመጣችውም እንደዚያው ቀጭን፣ ጸጉሯ የማይገዛ፣ ሁሉን ነገር ማስተካከል የምትፈልግ ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሸክላ ማጫወቻዋን ክፍል ውስጥ ታስቀምጥና የአገሯን ዳንስ ታሳየናለች። እኛ ደግሞ እስክስታ እናስተምራታለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻዋ እምቢ አለ፤ አንገቷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። ጋሼ ትከሻ ነቅናቂ በኖራ ግድግዳው ቢያቆማት ኖሮ ይሻላት ነበር።

ፊልሙ ሲጀምር ቤቢ ኬኔዲ ሳይገደል የነበረ ጊዜ ነው ብላ ትተርካለች። ያች ቃል ለእኔ ከዳንሱ ሁሉ ትበልጣለች። ጃንሆይ እንኳን በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ላይ ኬኔዲን ጎብኝተው ብዙም ሳይቆዩ ለቀብሩ ተመልሰው ሄደዋል። ያ ክረምት ለብዙ ሰው የአንድ ነገር መጨረሻ ነበር፤ እነዚያ ልጆች ግን እንደዚያ ሳያውቁ ይደንሳሉ።

ነጭ ገዋን

ሁላችሁም ስለ ቤቢና ስለ ጆኒ ተናገራችሁ። ስለ ፔኒ የሚናገር የለም?

ነርስ ነኝ። ይህን ፊልም በልጅነቴ ሳየው የፔኒ ነገር አልገባኝም ነበር፤ «አሟት ነው» ብዬ አለፍኩት። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ደግሜ ሳየው መሀሉ ላይ አቆምኩት። ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ማስወረድ ወንጀል ነው። ቤቢ ከአባቷ የምትበደረው 250 ዶላር የሚከፈለው ለቆሸሸ ቢላዋና ለታጣፊ ጠረጴዛ ነው። ዳንሱ ሲያልቅ ፔኒ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች አልጋ ላይ ናት፤ የምትተርፈው የቤቢ አባት ሐኪም ስለሆኑ ብቻ ነው። እኔም ማስወረድን በተወሰኑ ሁኔታዎች የፈቀደው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከመውጣቱ በፊት በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ፔኒን አውቃታለሁ። ብዙዎቹ አጠገባቸው ሐኪም አባት አልነበራቸውም።

አንድ ማስታወቂያ ደጋፊ ድርጅት ይህ ክፍል እንዲወጣ ጠይቆ እንደነበር፣ ደራሲዋ ግን ታሪኩን በሙሉ በእሱ ላይ ስላሰረችው ማውጣት እንዳልተቻለ አንብቤያለሁ። ፔኒ ካላረገዘች ቤቢ አትተካም፤ ካልተካች ልምምድ የለም፤ ልምምድ ከሌለ እናንተ የምትከራከሩበት ፍቅር የለም። ያችን ሁሉ ልምምድ ያስጀመረችው ሴት ናት። ደግሞም ካስተዋላችሁ በልምምዱ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለው። ቤቢ መሀል፣ ጆኒ ፊት፣ ፔኒ ኋላ ሆና ወገቧን ይዛ ታስተካክላታለች። ቦታዋን የምትለቅላትን ልጅ በገዛ እጇ እያስተማረች ነው።

ተጠራጣሪው

ነጭ ገዋን፣ ከእስካሁኑ ሁሉ ያሳመነኝ የአንቺ ነው። እኔም መቀሱን ለመውቀስ ስቸኩል ፔኒን ረስቻት ነበር። በስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ትንሽ ፊልም፣ በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ያስገባ፣ በካሴት ብቻ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ለመሸጥ የመጀመሪያው የሆነ፤ እኔ ይህን ሁሉ የዘፈኑ ሥራ ነው እል ነበር። ዘፈኑማ ኦስካር አግኝቷል። ሲንቲያ ሮድስ ግን ምንም አላገኘችም።

ሐብሐብ በብብቴ

ሲንቲያ ሮድስ ማን ናት?

ተጠራጣሪው

ፔኒ።

የዝናብ ወዳጅ

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለልጄ አነበብኩላት። የሦስት ሰው ልምምዱን ክፍል እንደገና ከፍተን አየነው። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን ጠቅልለን «አንድ» ላይ ለመቆም ሞከርን። እኔ አልቻልኩም፤ እሷ በሦስተኛው ቻለችበት። ጎረቤት ከታች ግድግዳ እስኪያንኳኳ ድረስ ቀጠልን።

ጋሼ ትከሻ ነቅናቂ፣ እኛ ግን አሁንም ደረጃው ላይ ነን። ያቺ አንደኛ የተባለችው ልጅ መጣች?

ትከሻ ነቅናቂ

አልመጣችም። እሷ ከበዓሉ በኋላ ሌላ ቡድን ተቀላቀለች፤ በትዳርም በሥራም ደህና ሆናለች፤ ለፋሲካ እንደዋወላለን።

ነጭ ገዋን የጻፈችውን ካነበብኩ ጀምሮ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። መጀመሪያ የተቆጣችው ስለ ቅንድቡ ጠባሳ ነው። ቀጥላ «ምቱን በጭብጨባ የምትይዝ አንዲት ልጅ» ማለቴን አነበበችና «አንዲት ልጅ? ስም የለኝም?» አለች። ቴፑ የቆመው ባትሪ አልቆበት ሳይሆን እኔ በትከሻዬ መትቼ ከመስኮቱ ጥዬው ነው ትላለች፤ ይህ እውነት ነው፣ አሳጥሬው ነበር።

ደግሞ «ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ ብለህ ነው የጻፍከው። ቀድሜህ ተቀምጬ እንደነበር ለምን አልጻፍክም? ጋቢዬንም ዘርግቼልሃለሁ» አለችኝ።